የኮከብን አሟሟት ከሐዋሳ ሰማይ ማየት፦ ከጥቅምት እስከ የካቲት የሚሠራ መመሪያ

ባለፈው ጥቅምት፣ ከቱላ አልፎ ወደ ይርጋለም በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው የአክስቴ ግቢ ቴሌስኮፔን ተክዬ የአክስቴን ልጅ ጠራኋት። ዓይኗን አስጠግታ ጥቂት ቆየችና «ኮከብ ብቻ ነው እኮ፣ ሌላ ምንም የለም» አለችኝ። አቅጣጫውን አልቀየርኩም፤ ሌንሱንም አልነካሁም። ጋቢዬን አናቷ ላይ ጣል አደረግኩላትና «አሥር ደቂቃ ታገሺ፤ ደግሞ በቀጥታ አትዪው፣ ጎን ጎኑን እዪ» አልኳት። አሥሩ ደቂቃ ሳይሞላ «ውይ! ቀለበት ነው! መሐሉ ክፍት ነው!» ብላ ስትጮህ አክስቴ ምን ነካችሁ ብላ ከቤት ወጣች።

ያየችው ቀለበት ኔቡላን ነው። እንደ ፀሐያችን ያለ አንድ ኮከብ ዕድሜው ሲያልቅ የውጭ አካሉን ገፎ ጥሎታል፤ ያ የተጣለው ጋዝ ነው ከእኛ 2,500 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ የሚታየው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ብዙ ሰዎች «ይህን ለማየት ምን ልግዛ?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ዓይናችሁን አስተምሩ፣ ከዚያ በቅደም ተከተል እዩ። የሚያረጅ ኮከብ፣ የተገፈፈ ጋዝ፣ የቀረ አስኳል፣ የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ፤ አራቱም ከሐዋሳ በመጠነኛ ዕቃ ይታያሉ። በዘፈቀደ ካያችኋቸው አራት የደበዘዙ ነጥቦች ናቸው። በተራቸው ካያችኋቸው ግን የፀሐይን የወደፊት ታሪክ በገዛ ዓይናችሁ ታነቡታላችሁ።

ምን እንደምናይ አስቀድሞ ማወቅ

ፀሐይ አሁን በአስኳሏ ውስጥ ሃይድሮጂንን ወደ ሂሊየም እየቀየረች ነው። ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ይህ ነዳጅ ከአስኳሏ ሲያልቅ ታብጣለች፤ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ትሆናለች። በመጨረሻም የውጭ ንጣፎቿ ቀስ እያሉ ወደ ጠፈር ይነፍሳሉ። ራቁቱን የቀረው አስኳል እጅግ የጋለ ስለሆነ በዓይን የማይታይ የአልትራቫዮሌት ጨረር ይረጫል፤ ጨረሩ የተበተነውን ጋዝ ሲመታው ጋዙ ያበራል። ይህ ነው ፕላኔታዊ ኔቡላ የሚባለው። ጋዙ በሰከንድ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ያህል እየሰፋ ይሄድና በጥቂት አሥር ሺህ ዓመታት ውስጥ ሳስቶ ይጠፋል። ቢሊዮኖች ዓመት ለኖረ ኮከብ ይህ የአንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ በሰማይ ላይ ብርቅ የሆኑትም ለዚህ ነው።

ስሙ አያሳስታችሁ። ከፕላኔት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በ1780ዎቹ (እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ከዓመት ጋር የተጻፉ ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዊልያም ኸርሸል እነዚህን ክብ ክብ ነገሮች ሲያይ፣ በ1781 ራሱ ያገኘው ፕላኔት ዩራነስ የምትመስለው ዓይነት የደበዘዘ ክብ ስለታየው ነው ስሙን ያወጣላቸው። ስሕተቱ ቢታወቅም ስሙ እንደተለጠፈ ቀረ።

ከፀሐይ ስምንት እጥፍ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ክብደት ያላቸው ኮከቦች ግን በዚህ መንገድ አይሄዱም። አስኳላቸው በራሱ ክብደት ተደርምሶ ኮከቡ ይፈነዳል፤ ሱፐርኖቫ ማለት ይህ ነው። የሁለቱን ልዩነት ጥር ላይ በሌንስ ታገኙታላችሁ።

ሌሊቱን ምረጡ

ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩን ይዘጋል። መስቀል ካለፈ በኋላ አየሩ ታጥቦ ይጠራል፤ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ጊዜ የእኛ ወቅት ነው። መጋቢት ሲገባ የበልጉ ደመና መምጣት ይጀምራል።

ሁለተኛው ነገር ጨረቃ ናት። ኔቡላ ለማየት ከወጣችሁ ጨረቃ ጠላት ናት፤ ሙሉ ስትሆን የተሻለው ቴሌስኮፕ እንኳ ብዙ አያተርፍም። ጨረቃ አዲስ ከምትወለድበት ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ጀምሮ እስከ ሦስት አራት ቀን በኋላ ድረስ ያሉትን ሌሊቶች ያዙ። ስልካችሁ ላይ ስቴላሪየም የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ጫኑና ቦታውን ሐዋሳ አድርጉት፤ የጨረቃን መውጫና መግቢያ በሰዓት ይነግራችኋል። መተግበሪያው የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት ቀንሱ።

በእኛ አካባቢ ፀሐይ ፈጥና ትጠልቃለች፤ ሙሉ ጨለማ እስኪሆን ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት ኔቡላ መፈለግ ድካም ብቻ ነው። ያንን ጊዜ ዕቃ ለመትከልና ቴሌስኮፑ ከውጭው አየር ጋር እኩል እንዲቀዘቅዝ ተጠቀሙበት። ከቤት ሙቀት የወጣ መስታወት ለግማሽ ሰዓት ያህል ምስሉን ያርገበግበዋል።

ቦታ

ሐዋሳ ላይ አንድ የተፈጥሮ ዕድል አለን። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሚገኝ ፊታችንን ወደ ምዕራብ ስናዞር ከፊታችን ያለው ውሃ ነው፤ መብራት የለበትም። ከከተማው ሳትወጡ የምታዩ ከሆነ፣ የምትፈልጉት ነገር ከአናታችሁ አልፎ ወደ ሐይቁ በኩል ማዘንበል እስኪጀምር ጠብቁት። ገና በምሥራቅ ሲወጣ ብትፈልጉት በከተማው ብርሃን ውስጥ ነው የምትፈልጉት።

ነገር ግን ሌሊት ሐይቁ ዳር ብቻችሁን አትቁሙ። ጉማሬ ሳር ለመጋጥ የሚወጣው በጨለማ ነው፤ ውሃና እሱ መካከል የገባን ሰው አይምርም። አሞራ ገደልም ሆነ ፍቅር ሐይቅ ለቀን የሚያምሩ ቦታዎች ናቸው፤ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ታቦር ተራራ ላይ ልውጣ የሚልም አለ። ከፍታው ብዙ አይጠቅምም፤ ከላይ ሆናችሁ የከተማውን መብራት ሁሉ ታዩታላችሁ።

እኔ የምመክረው የዘመድ ግቢ ነው። ከአላሙራ በስተደቡብ፣ ወይም ወደ ወንዶ ገነት በኩል፣ አጥር ያለው ግቢ ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ፈልጉ። አጥሩ የባጃጅ መብራት ይከልላል፤ ሰውም ስለሚያውቃችሁ ማንም አይጠራጠራችሁም። በጨለማ ሦስት እግር ላይ ቱቦ ተክሎ የሚቆም ሰው ጥያቄ ያስነሳልና ለጎረቤትና ለሰፈሩ ጥበቃ ቀደም ብላችሁ ንገሩ፤ አንድ ጊዜም አሳዩአቸው። የእኛ ሰፈር ጥበቃ አሁን ራሱ «ዛሬ ጠርቷል፣ አትወጣም?» ብሎ ይደውልልኛል።

ቦታው በቂ መሆኑን የምታረጋግጡት እንዲህ ነው፦ ግማሽ ሰዓት በጨለማ ከተቀመጣችሁ በኋላ ፍኖተ ሐሊብ እንደ ስስ ጭስ ሰማዩን አቋርጦ ከታየ ቦታው ይሆናል። ካልታየ ጎላ ጎላ ያሉትን ብቻ ሞክሩ። ከተማ ውስጥ ላላችሁ ደግሞ፣ መብራት የጠፋበት ሌሊት ሰማዩ በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ዕቃችሁ በር አጠገብ ዝግጁ ይሁን።

ረጅም እጅጌ፣ ካልሲ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፤ ወባ አለ። ህዳርና ታህሣሥ ላይ ብርዱ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ይበረታል።

ዕቃ

ምንም ከሌላችሁ በ10 በ50 ባይኖኩላር ጀምሩ። 10 ማለት አሥር ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው፤ 50 ደግሞ የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር። በእሱ ብቻ ከታች የምነግራችሁን ኤም 27 ታያላችሁ (ኤምና ኤንጂሲ የሰማይ ነገሮች በቁጥር የተመዘገቡባቸው ዝርዝሮች መለያ ናቸው)፤ ሰማዩ ጥሩ ከሆነ ኤም 1ንም።

ቴሌስኮፕ የምታገኙ ከሆነ አንድ ቁጥር ብቻ ጠይቁ፦ የመስታወቱ ወይም የፊት ሌንሱ ስፋት። ከ114 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ያለው ባለመስታወት ቴሌስኮፕ ለዚህ መመሪያ ሙሉ በሙሉ ይበቃል። ሳጥኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ የተጻፈበትን አትግዙ። አንድ ወዳጄ እንዲህ ያለ ዕቃ ከውጭ አስመጥቶ ሁለት ወር ሙሉ የጭጋግ ክብ ሲያይ ከርሟል። ጠቃሚው ማጉላት ከመስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር እጥፉ አይበልጥም፤ ሰማይ በማይመች ሌሊት ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው።

የእኔ 130 ሚሊ ሜትር ነው፤ የትኩረት ርቀቱ 650። ዓይን የሚጠጋበትን ትንሽ ሌንስ (ከዚህ በኋላ የዓይን ሌንስ እለዋለሁ) ባለ 25 ሚሊ ሜትር ስከትበት 650 ለ25 ተካፍሎ 26 ጊዜ ያጎላል። ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ 65 ጊዜ። ለመፈለግ ትልቁን ቁጥር፣ ለማየት ትንሹን ቁጥር ተጠቀሙ።

የእጅ ባትሪ ያስፈልጋችኋል፤ ብርሃኑ ግን ቀይ መሆን አለበት። የባትሪውን መስታወት በቀይ የጥፍር ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡት፣ ያ ይበቃል። ጋቢ አትርሱ፤ ለብርድ ብቻ አይደለም። ከነአናታችሁ ተከናንባችሁ በዓይን ሌንሱ ላይ ስታጎነብሱ የጎን ብርሃን ሁሉ ይዘጋል፤ ከማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ ይበልጣል።

ዓይንን ማስተማር

ይህን ክፍል የሚዘሉ ሰዎች ናቸው «ምንም አላየሁም» የሚሉት።

ዓይናችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። ቀለምና ዝርዝር የሚለዩት መሐል ላይ ተሰብስበዋል፤ ብዙ ብርሃን ይፈልጋሉ። በጨለማ የሚሠሩት ደግሞ ከመሐሉ ወጣ ብለው ዙሪያውን ነው ያሉት፤ ቀለም አይለዩም። ከዚህ ሁለት ሕግ ይወጣል።

አንደኛው ትዕግሥት ነው። የጨለማ ሕዋሳት በሙሉ ኃይላቸው እንዲሠሩ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያስፈልጋቸዋል። በዚህ መካከል አንድ ጊዜ ስልክ ከከፈታችሁ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ስቴላሪየም ቀይ የሌሊት ገጽታ አለው፤ እሱን አብሩ፣ የስክሪኑንም ብርሃን እስከ መጨረሻው ቀንሱ። አንዱ ሰው ሳይጠይቅ ስልኩን ቦግ ካደረገ የሁላችሁም ግማሽ ሰዓት ይጠፋልና ገና ሲጀመር ተነጋገሩ።

ሁለተኛው በጎን ማየት ነው። የደበዘዘውን ነገር ሌንሱ መሐል አድርጉትና ዓይናችሁን ከእሱ ላይ አንሥታችሁ ወደ ክቡ ጠርዝ ተመልከቱ፤ ልባችሁ ግን ከነገሩ ጋር ይሁን። ወዲያው ጎላ ይላል። ወደ የትኛው ጎን? በቀኝ ዓይን የምታዩ ከሆነ ከነገሩ ወደ ቀኝ፣ በግራ ዓይን ከሆነ ወደ ግራ ተመልከቱ። በተቃራኒው ካደረጋችሁት ነገሩ የዓይን ነርቭ የሚወጣበት ምንም የማያይ ቦታ ላይ ሊወድቅና ጨርሶ ሊጠፋባችሁ ይችላል። መጀመሪያ ግር ይላል። እኔ ለመልመድ አንድ ሳምንት ወስዶብኛል፤ የአክስቴ ልጅ ግን በአሥር ደቂቃ ያዘችው።

አሁንም አጠራጣሪ ከሆነ የቴሌስኮፑን ቱቦ በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ነካ አድርጉት። ዓይናችን የሚንቀሳቀስን ነገር ቶሎ ይለያል፤ ምስሉ ሲወዛወዝ ጭጋጉ ከጥቁሩ ሰማይ ይነጠላል።

ስለ ቀለም እውነቱን ልንገራችሁ። በሃብልና በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፖች የተነሡትን ፎቶዎች አይታችሁ ቀይና ሰማያዊ የምትጠብቁ ከሆነ ታዝናላችሁ። በዓይን ብዙዎቹ ግራጫ ናቸው። ትናንሽና ጎላ ያሉ ጥቂቶቹ ብቻ አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ግራጫው ግን ፎቶ አይደለም፤ ከዚያ ጋዝ ተነሥቶ ሺህ ዓመታት ተጉዞ ዓይናችሁ ውስጥ የገባው ያው ብርሃን ነው። እኔ ከፎቶው ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ጥቅምትና ህዳር፦ የተገፈፈው ጋዝ

በክንድ ርቀት የተዘረጋ ጡጫ ሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ትንሿ ጣት 1 ዲግሪ። የሙሉ ጨረቃ ስፋት ግማሽ ዲግሪ ነው። ከዚህ በኋላ በእነዚህ ነው የምንለካው።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ፊታችሁን ወደ ሰሜን ምዕራብ አዙሩ። እዚያ የምታንጸባርቀው ነጭ ኮከብ ቬጋ ናት። ከእሷ በላይ አራት ኮከቦች የተዘመመ ትንሽ ሬክታንግል ሠርተው ታገኛላችሁ። ከቬጋ የራቁት ሁለቱ ሼልያክና ሱላፋት ይባላሉ። ቴሌስኮፑን በሁለቱ መካከል፣ ለሼልያክ ትንሽ ቀረብ አድርጋችሁ አነጣጥሩ። በ26 ማጉላት ትኩረቱ ያልተስተካከለ ኮከብ የሚመስል አንድ ነጥብ ይኖራል፤ እሱ ነው ኤም 57፣ ቀለበት ኔቡላ። አሁን ባለ 10 ሚሊ ሜትሩን ክተቱ፣ ተከናነቡ፣ በጎን እዩ። ከሲጋራ የወጣ የጭስ ቀለበት ይመስላል። ይህን ከህዳር አጋማሽ በፊት አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ወደ አድማሱ ይወርድባችኋል።

ቀጥሎ ኤም 27። ይህ በታሪክ መጀመሪያ የተገኘው ፕላኔታዊ ኔቡላ ነው፤ ሻርል ሜሲየር ሐምሌ 12 ቀን 1764 አየው። ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው፤ ከቀለበቱ በፊት በእሱ ብትጀምሩም አልቃወምም። ከአናታችሁ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ የምትታየው ደማቅ ኮከብ አልታይር ናት። ከእሷ ወደ ሰሜን አንድ ጡጫ ስትሄዱ ትንሽ፣ ግን እውነትም ቀስት የመሰሉ ኮከቦች አሉ። የቀስቱን ጫፍ ኮከብ በባይኖኩላር ያዙና ወደ ሰሜን ሦስት ዲግሪ ከፍ በሉ። ከሌሎቹ ኮከቦች የተለየ፣ ያልሾለ ግራጫ ቁራጭ ታያላችሁ። በቴሌስኮፕ ሁለት በኩሉ የተነከሰ ፖም ይመስላል።

ከዚያ ፊታችሁን ወደ ደቡብ አዙሩ። እኛ ከምድር ወገብ ሰባት ዲግሪ ብቻ በስተሰሜን ስላለን የደቡቡ ሰማይ ከፍ ብሎ ይታየናል። ደቡብ ምሥራቅ ላይ ብቻዋን የምታበራው ኮከብ ፎማልሃውት ናት። ከእሷ ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ጡጫ ስትሄዱ ደለዊ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ሄሊክስ ኔቡላ፣ ኤንጂሲ 7293፣ አለ። 650 የብርሃን ዓመት ገደማ ብቻ ስለሚርቅ ትልቅ ነው፤ የጨረቃን ግማሽ ስፋት ይጠጋል። ትልቅ ነው ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ብርሃኑ በሰፊው ስለተበተነ እንደ እስትንፋስ የሳሳ ነው፤ ዝቅተኛ ማጉላትና በጣም ጨለማ ቦታ ይጠይቃል። ባጎላችሁት ቁጥር ይጠፋል። እኔ ሦስት ሌሊት ፈልጌ በአራተኛው ነው ያገኘሁት።

እዚያው ደለዊ ውስጥ የሳተርን ኔቡላ፣ ኤንጂሲ 7009፣ ተቃራኒው ነው፦ ትንሽ፣ ጎላ ያለ፣ ሰማያዊ ቀመስ። ኑ ደለዊ ከምትባለው ኮከብ አንድ ዲግሪ ከሩብ ያህል ወደ ምዕራብ ነው። ኸርሸል በ1782 ነው ያገኘው። በዝቅተኛ ማጉላት ኮከብ መስሎ ያታልላል፤ ከኮከብ የምትለዩበትን ዘዴ ወደ ታች አስረዳለሁ።

ጥር፦ ያረጀው፣ የቀረውና የፈነዳው

ጥር በእኔ ሚዛን የዓመቱ ምርጥ ወር ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ፈልጉና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ውጡ። በአንድ ሌሊት ሦስት የሕይወት ደረጃ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ያለ ምንም ዕቃ አልደባራንን እዩ፤ ሠውር በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ያለች ብርቱካናማ ኮከብ ናት። ይህች ቀይ ግዙፍ ኮከብ ናት፤ ከፀሐይ ብዙም የማትበልጥ ክብደት ይዛ ስፋቷ ግን ከ40 እጥፍ በላይ ሆኗል። የፀሐይ እርጅና ምን እንደሚመስል የሚጠይቅ ሰው ካለ እሷን አሳዩት። ከእሷ በስተምሥራቅ፣ ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ትከሻ ላይ ያለው ቀዩ ቤቴልጅዩስ ደግሞ ሌላ ወገን ነው፤ ከባድ ስለሆነ አንድ ቀን ይፈነዳል። በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ በዓይን እስኪታወቅ ድረስ ደብዝዞ ዓለምን አስደንግጦ ነበር። ኋላ ሲጠና ከራሱ የወጣ አቧራ እንደሸፈነው ታወቀ።

ሁለተኛው ደረጃ ብዙ ሰው ማየት እንደሚቻል የማያውቀው ነው፦ ራቁቱን የቀረው አስኳል፣ ነጭ ድንክ ኮከብ። ከኦሪዮን እግር፣ ከሪጀል፣ ቀጥ ብላችሁ ወደ ምዕራብ አንድ ጡጫ ተኩል ሂዱ። ሁለት የተጠጋጉ ደከም ያሉ ኮከቦች ታገኛላችሁ፤ ደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለው 40 ኤሪዳኒ ነው። በ65 ማጉላት ቢጫ ብርቱካናማ ሆኖ ይታያል። አሁን ቴሌስኮፑን ሳትነኩ ተዉት። መሬት ስለምትዞር ኮከቦቹ በሌንሱ ውስጥ ይንሸራተታሉ። ዋናው ከፊት ሲሄድ ትንሽ ዘግይቶ ከኋላው የሚከተለው ደብዛዛ ነጥብ ነጭ ድንኩ ነው። ከፀሐይ ክብደት ግማሽ በላይ ይዞ ስፋቱ ከመሬት አንድ ተኩል ያህል ነው፤ ከእሱ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢዘገን ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል። ኸርሸል ነጥቡን በ1783 አይቶት ነበር፤ ምንነቱ የታወቀው ግን በ1910 ነው፤ ዊልያሚና ፍሌሚንግ ብርሃኑን መርምራ እንዲህ የደበዘዘ ኮከብ የሚጠበቅበት ቀይ ሳይሆን ነጭ መሆኑን ስታገኝ። ከእኛ 16 የብርሃን ዓመት ነው። የዘንድሮ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሲወለድ የተነሣ ብርሃን አሁን ይደርሰዋል ማለት ነው።

ደማቁ ኮከብ ሲርየስም ነጭ ድንክ ጓደኛ አለው፤ ቤሰል በ1844 ከሲርየስ መወዛወዝ ተነሥቶ መኖሩን ተናገረ፣ አልቫን ግራሃም ክላርክ በ1862 አየው። በእኛ ዕቃ የሲርየስ ነጸብራቅ ይውጠዋል። 40 ኤሪዳኒን የምወደው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የፈነዳው ነው። ከቤቴልጅዩስ ወደ ሰሜን አንድ ጡጫ ተኩል ሂዱ፤ የሠውር አንደኛው ቀንድ ጫፍ፣ ዜታ ሠውር፣ እዚያ ነው። ሌላኛው ቀንድ ኤልናት ነው፤ ይበልጥ ይደምቃል። ከዜታ ወደ ኤልናት አቅጣጫ፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ሰብሮ፣ ከአንድ ትንሽ ጣት ጥቂት በለጥ አድርጋችሁ አነጣጥሩ። ሞላላ፣ ጠርዙ ያልለየ ጭጋግ ካያችሁ ኤም 1ን፣ ሸርጣን ኔቡላን፣ አገኛችሁ። ስሙ ሸርጣን ቢሆንም ሸርጣን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ አይደለም፤ ይህን ሳላውቅ በፊት በተሳሳተ ሰማይ ውስጥ ፈልጌዋለሁ።

የቻይና ሰማይ ተመልካቾች በ1054 እዚያ ቦታ ላይ «እንግዳ ኮከብ» ታየ ብለው ጻፉ። ለ23 ቀን በጠራራ ፀሐይ ይታይ ነበር፤ በሌሊት ደግሞ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ። ላሊበላ ከመንገሡ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ መሆኑ ነው። 6,500 የብርሃን ዓመት ገደማ ስለሚርቅ ፍንዳታው ራሱ ከዚያም በፊት ስድስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል ቀድሟል። ጋዙ ዛሬም በሰከንድ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል እየሰፋ ነው፤ ከቀለበት ኔቡላ ዝግ ያለ ትንፋሽ ጋር አስተያዩት። መሐሉ ላይ የቀረው ነጭ ድንክ ሳይሆን በሰከንድ 30 ጊዜ የሚሽከረከር ኒውትሮን ኮከብ፣ ማለትም የተደረመሰው አስኳል ነው፤ በ1968 ታወቀ። እሱን በእኛ ዕቃ አናየውም።

የካቲት፦ ለሰሜኑ ዓለም የተደበቀው

የካቲት መጨረሻ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ለሚነቃ ሁለት አሉ። አንደኛው የጁፒተር መንፈስ የሚባለው ኤንጂሲ 3242 ነው፤ ሙ ሃይድሬ ከምትባል ኮከብ ወደ ደቡብ ሁለት ዲግሪ ቢጎድል ነው። አረንጓዴ ቀመስ ትንሽ ክብ ነው፤ ቀለም ማየት ለሚፈልግ ሰው ከሁሉም በፊት እሱን አሳያለሁ።

ሁለተኛው ኤንጂሲ 3132፣ የደቡብ ቀለበት። ሐምሌ 12 ቀን 2022 ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የመጀመሪያ ምስሎቹን ለዓለም ሲያሳይ ከመካከላቸው ነበር። ከለንደን አድማሱን አያልፍም። ከሐዋሳ ግን በደቡብ 43 ዲግሪ ከፍ ይላል። በሌንሱ ውስጥ መሐሉ ላይ ጎላ ያለ ኮከብ ታያላችሁ፤ ጋዙን የጣለው እሱ ይመስላል፣ አይደለም። እውነተኛው ምንጭ ከአጠገቡ ያለ እጅግ የደበዘዘ ጓደኛው ነው።

ማጣሪያ መስታወት ካገኛችሁ

ትናንሾቹን ኔቡላዎች ከኮከብ የምትለዩበት ዘዴ ይኸውና። በ1864 ዊልያም ሃጊንስ የአንዱን ፕላኔታዊ ኔቡላ ብርሃን ሲበትነው እንደ ኮከብ የቀስተ ደመና ጥብጣብ ሳይሆን ጥቂት ብሩህ መስመሮች ብቻ አገኘ። ከእነርሱ አረንጓዴዎቹ ሁለት መስመሮች በምድር ላይ ያልታወቀ ንጥረ ነገር ናቸው ተብሎ «ኔቡሊየም» የሚል ስም እስከ መውጣት ተደርሷል። አይራ ቦወን በ1927 ነው ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን መሆኑን ያሳየው። ዛሬ እነዚያን ሁለት መስመሮች ብቻ አሳልፎ ሌላውን የሚያስቀር ማጣሪያ አለ፤ ኦ-ሦስት ይባላል።

ሌንሱ ላይ ሳታስሩት በጣታችሁ ይዛችሁ በዓይናችሁና በዓይን ሌንሱ መካከል አስገቡት፣ አውጡት፣ አስገቡት። ማጣሪያው ሲገባ ኮከቦቹ በሙሉ ይደክማሉ፤ አንዱ ነጥብ ብቻ ሳይደክም ከቀረ ኔቡላው እሱ ነው። ለሄሊክስ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ለነጭ ድንክ አይጠቅምም፣ ያጠፋዋል እንጂ። ለኤም 1ም እርዳታው ትንሽ ነው፤ የብርሃኑ ትልቅ ክፍል በመግነጢስ መስክ ከሚከንፉ ኤሌክትሮኖች ስለሚመጣ በመስመር አልተሰበሰበም።

መጻፍና ዕቃ መሰብሰብ

ደብተር ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የዓይን ሌንሱ ቁጥር፣ ከዚያ ያያችሁትን በእርሳስ ሣሉ። ሥዕል አልችልም አትበሉ፤ ክብ ሠርታችሁ ውስጡን በጣት ማሻሸት ነው። ለመሣል ስትሉ ረጅም ጊዜ ስለምታዩ ያላያችሁት ይወጣል። የእኔ የመጀመሪያ ኤም 27 ሥዕል ክብ ነው፤ ስድስተኛው ላይ ነው ንክሻው የታየኝ።

ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ጤዛ ይወርዳል። ቱቦው ጫፍ ላይ ካርቶን ጠቅልላችሁ አንድ ክንድ ያህል አስረዝሙት፤ ያዘገየዋል። ሌንሱ ላይ ከወረደ በጨርቅ አትጥረጉት፣ ይጫራል። ስትጨርሱ ዕቃውን እርጥብ እንዳለ ሳጥን ውስጥ አትዝጉ። ቤት አስገብታችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ መስታወቱ ወደ ታች ዘንበል ብሎ አቧራ እንዳይቀመጥበት አድርጋችሁ አሳድሩትና ጠዋት ሲደርቅ ዝጉት።